የእንግሊዝ ከተሞች ከፊትና ከጓሮ
ለጀማሪዎች ስለሚታዘዙ መጻሕፍት የቀረበ ሒስ

ስለ እንግሊዝ አገር የሕንጻ ታሪክና ስለ ጥንታዊ ከተሞች አቀማመጥ ማጥናት የሚጀምር ተማሪ መጽሐፍ አያጣም፤ የሚቸግረው የትኛውን አስቀድሞ የትኛውን አስከትሎ ማንበብ እንዳለበት ማወቁ ነው። የተለመደው ሥርዐት አስቀድሞ የሕንጻን ስልት፣ ቀጥሎ የታላላቅ አርክቴክቶችን ሕይወትና ሥራ፣ በመጨረሻም ጊዜ ከተረፈ መንገድንና አደባባይን፣ ገበያንና መንደርን ማስተማር ነው። ተማሪው በመጀመሪያ ያነበበው መጽሐፍ ዕድሜውን ሙሉ የሚያይበትን ዐይን ስለሚሰጠው፣ ይህ የቅደም ተከተል ጉዳይ እንደ ቀላል ነገር ሊታለፍ አይገባውም። የዚህ ሒስ አሳብም ሥርዐቱ መገልበጥ አለበት የሚል ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። በባዝ ከተማ ታናሹ ጆን ውድ ከ1767 እስከ 1775 ያሠራው ሮያል ክረሰንት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) እንደ ግማሽ ጨረቃ ጐብጦ የተሠራ የሠላሳ ቤቶች ረድፍ ነው። ከፊት ለሚመለከተው 114 ዐምዶች የተሰለፉበት አንድ ቤተ መንግሥት ይመስላል። ወደ ጓሮው ለዞረ ሰው ግን ቤተ መንግሥቱ ይጠፋና ሠላሳ ቤቶች ይታያሉ፤ የአንዱ ጣሪያ ከፍ፣ የሌላው ዝቅ ብሏል፤ የአንዱ መስኮት ከጎረቤቱ መስኮት ጋር አይገጥምም። ምክንያቱም አርክቴክቱ አንድ አድርጎ የወሰነው የፊቱን ግንብ ሲሆን፣ ከኋላው ያለውን እያንዳንዱ ቦታ ያዥ በራሱ ግንበኛ እንደ ፈቃዱና እንደ ገንዘቡ አሠርቶታል። ፊቱ ስለ አርክቴክቱ ችሎታ ይመሰክራል፤ ጓሮው መሬቱ እንዴት እንደ ተሸነሸነና ወጪውን ማን እንደ ከፈለ ይናገራል። ስለ እንግሊዝ ከተሞች የተጻፉት መጻሕፍትም እንደዚሁ ከፊት የተጻፉና ከጓሮ የተጻፉ ተብለው በሁለት ሊከፈሉ ይችላሉ።

ከፊት ከተጻፉት መካከል የሁሉም አባት የቶማስ ሪክማን መጽሐፍ ነው። በሊቨርፑል በጸሐፊነት ሲሠራ የነበረው ይህ ሰው በ1817 ባሳተመው ጥናት የእንግሊዝን አብያተ ክርስቲያናት በአራት ስልት ከፍሎ ኖርማን፣ የቀድሞ እንግሊዛዊ፣ ያጌጠና ቀጥ ያለ ብሎ ስም ሰጣቸው። ስሞቹ እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል። ተማሪው የመስኮቱን ቅስትና የዐምዱን አናት አይቶ ሕንጻው በየትኛው ዘመን እንደ ተሠራ ለመገመት መቻሉ የሪክማን ውለታ ነው። ይሁን እንጂ ዘዴው የተገኘው ለቤተ ክርስቲያን ነው። ቤተ ክርስቲያን ብቻዋን በቅጥሯ ውስጥ ልትቆም ትችላለች፤ ከተማ ግን የብዙ ሕንጻዎች ድምር ብቻ ስላይደለ፣ ለሕንጻ የተሠራ መለኪያ ከተማን ሊለካ አይችልም።

ይህንኑ መንገድ ወደ ፍጻሜው ያደረሰው ኒኮላውስ ፔቭስነር ነው። በላይፕዚክ ተወልዶ በ1933 ከናዚዎች ሸሽቶ ወደ እንግሊዝ የገባው ይህ ሊቅ፣ «የእንግሊዝ ሕንጻዎች» የተባለውን ተከታታይ መጽሐፍ ከ1951 እስከ 1974 በ46 ክፍሎች አወጣ፤ ከእነዚህም 32ቱን ብቻውን ጽፎአቸዋል። አውራጃ ለአውራጃ እየዞረ ያየውን ማታ በማደሪያው ይጽፍ ነበር። አንድ ሰው የአንድን አገር ሕንጻ ሁሉ ቆጥሮ ለሕዝብ ማስረከቡ ከመደነቅ በቀር ሌላ ቃል አይገኝለትም። ጉድለቱን ማመልከትም ሥራውን መናቅ አይደለም። ፔቭስነር በ1940ዎቹ መጀመሪያ ባወጣው የአውሮፓ ሥነ ሕንጻ መጽሐፉ መግቢያ ላይ፣ የብስክሌት ማኖሪያ ዳስ ተራ ግንባታ እንደ ሆነና ሥነ ሕንጻ የሚለው ስም እንደ ሊንከን ካቴድራል ላለው እንደሚገባ ለይቶ ነበር። በ46ቱ ክፍሎች ውስጥም ያው ሚዛን ይሠራል። ከተማውን በእግር እያስጐበኘ ሲመራ ከአንድ በር ወደ ሌላ በር ያሻግራል፤ የበሩን ዘመን፣ የመስኮቱን ቅርጽ፣ የግንበኛውን ስም ይነግራል። ነገር ግን በሁለቱ በሮች መካከል ያለው ርቀት ስለ ምን ይህን ያህል እንደ ሆነ አይጠይቅም።

ያ ርቀት ግን የከተማው ታሪክ ራሱ ነው። በሶልዝበሪ ጳጳሱ ሪቻርድ ፑር በ1220 ከኮረብታው ወደ ሜዳው ካቴድራሉን ሲያዛውር ከተማም አብሮ ቈረቈረ፤ ከተማውም በ1227 ከንጉሥ ሄንሪ ሣልሳዊ ደብዳቤ ተሰጠው። ጳጳሱ መሬቱን በአራት ማዕዘን ምድብ ከፍሎ፣ ውሃ በየመንገዱ በቦይ እንዲወርድ አድርጎ፣ የአንዱን ቤት ቦታ ልክ 7 ፐርች በ3 ፐርች (35 ሜትር በ15 ሜትር ያህል) ወሰነ፤ ኪራዩንም በዓመት 12 ፔኒ አደረገ። ቀደም ብሎ በ1196 የዉስተር ጳጳስ ስትራትፈርድ የተባለውን ከተማ በኤቨን ወንዝ ዳር ሲያቋቁም፣ 12 ፐርች በ3 ፐርች ተኩል እየለካ በዚያው በ12 ፔኒ ኪራይ አከፋፍሎ ነበር። ዛሬ ጎብኚ «በጊዜ ብዛት በራሱ የበቀለ» እያለ የሚያደንቀው ጥንታዊ ጎዳና እንግዲህ ገመድ ተዘርግቶ የተለካ፣ ገቢው አስቀድሞ የታሰበ ሥራ ነው። ሞሪስ ቤረስፎርድ በ1967 ባሳተመው የመካከለኛው ዘመን አዳዲስ ከተሞች ጥናቱ፣ በእንግሊዝ፣ በዌልስና በጋስኮኝ እንዲህ ያሉ ከተሞች በነገሥታት፣ በጳጳሳትና በመኳንንት እጅ ገቢ ለማግኘት እንዴት እንደ ተቈረቈሩ ገልጧል። «ልማዳዊ» የሚለው ቃል የሠሪውን ስም ይሰውራል፤ ቤረስፎርድ ስሙን ከመዝገብ አውጥቶ መልሶታል።

በዚህ ረገድ ከሁሉ ጠልቆ የሄደው ኮንዘን ነው። እርሱም እንደ ፔቭስነር በ1933 ከጀርመን የተሰደደ ሲሆን፣ በሰሜን እንግሊዝ ስለምትገኘው ስለ አልንዊክ ከተማ በ1960 ያሳተመው ጥናት የከተማን ፕላን በሦስት ይከፍለዋል፤ መንገዶቹ፣ የቤት ቦታዎቹና ሕንጻዎቹ። ሕንጻ በቶሎ ይለወጣል፤ የቦታው ወሰን ግን ብዙ መቶ ዓመት ይቆያል። ረጅሙና ጠባቡ ቦታ በፊቱ ቤት፣ በጓሮው አትክልት ይዞ ይጀምራል፤ ሕዝቡ ሲበዛ ጓሮው በትናንሽ ቤቶች ይሞላል፤ ከሞላም በኋላ ይፈርስና ባዶ ይሆናል፤ ወሰኑ ግን እንዳለ ይኖራል። ኮንዘን ይህን ለውጥ ከአሮጌ ካርታዎች እየለካ ተከታትሎታል። የመጽሐፉ ጉድለት አጻጻፉ ነው። ለእያንዳንዱ ነገር አዲስ ስም ስለሚያወጣ ጀማሪው በስሞች ብዛት ይደክማል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ወር ሳይሆን ለሁለተኛው ዓመት የሚሆን መጽሐፍ ነው።

ለመጀመሪያው ወር የሚስማማው የዊሊያም ሆስኪንስ መጽሐፍ ነው። በ1955 የታተመው ይህ ሥራ የእንግሊዝ ምድር መልክ እንዴት እንደ ተሠራ ይተርካል፤ አጥሩንና መንገዱን፣ እርሻውንና ከተማውን እንደ አንድ ጽሑፍ ያነባቸዋል። ስለ ከተሞች በጻፈው ምዕራፍ የሚገኘው የኖቲንግሃምና የስታምፈርድ ታሪክ ብቻውን ለአንድ ሴሚስተር ትምህርት ይበቃል። ኖቲንግሃም በዙሪያዋ ያልተከለሉ እርሻዎች ነበሩአት፤ በእነዚህም ላይ የከተማው ነባር ባለ መብቶች የጋራ ግጦሽ ነበራቸው። መብታቸውን ላለመልቀቅ መሬቱ እንዳይከለል እስከ 1845 ድረስ ተከላከሉ። በዚህ መካከል በ1801 ወደ 29 ሺህ የነበረው የነዋሪ ቍጥር በ1831 ከ50 ሺህ አለፈ። ከተማው ወደ ውጭ መስፋት ስላልቻለ ሕዝቡ በየጓሮው ታጨቀ፤ ቤት ከቤት ጀርባ ለጀርባ ተጣብቆ፣ የኋላ መስኮት ሳይኖረው ተሠራ። ለግጦሽ የተጠበቀው መብት ለድሃው የአየር እጦት ሆነበት።

በስታምፈርድ ደግሞ እርሻዎቹ እስከ 1870ዎቹ ሳይከለሉ ቆዩ። በዚያ ግን የከለከለው፣ እንደ ሆስኪንስ ትረካ፣ በከተማው ምርጫ ላይ ያለውን ሥልጣን እንዳያጣ የሠጋው ታላቁ ባለ ርስት ነበር። ስታምፈርድ እንደ ኖቲንግሃም ፋብሪካ አልበዛባትም፤ እንደ ቀድሞዋ ሆና ቀረች። በ1967 ለጥንታዊ ከተሞች ጥበቃ ሕግ በወጣ ጊዜ በመላው እንግሊዝ በመጀመሪያ የጥበቃ ክልል የተባለችው ይህች ስታምፈርድ ናት። ከፊት የተጻፉት መጻሕፍት በትክክል እንደሚሉት የድንጋይ ቤቶቿ እጅግ ያማሩ ናቸው። ነገር ግን ውበቷ ተጠብቆ የቆየው በነዋሪዎቿ የጥበብ ፍቅር ብቻ አይደለም፤ እንዳታድግ በመደረጓም ጭምር ነው። ይህን የማያውቅ ተማሪ ስታምፈርድን እንደ ምሳሌ ወስዶ ሌላ ከተማ ቢያቅድ፣ ግንቡን ይቀዳል፤ ግንቡን ያቆየውን ምክንያት ግን አያውቀውም።

ሆስኪንስም ያለ ነቀፋ አይታለፍም። ብዙ መንደሮችን በሳክሶኖች ሰፈራ የተመሠረቱ አድርጎ ቆጥሮ ነበር። በኋላ የመሬት ቍፋሮ ጥናት የምድሩ መልክ ከዚያ እጅግ የቆየ፣ ተሰብስቦ የሚኖረው መንደር ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ የዘገየ መሆኑን አሳይቷል፤ ሆስኪንስ ራሱም ነገሩ ሁሉ ካሰበው በላይ ጥንታዊ እንደ ሆነ ከጊዜ በኋላ አምኗል። የመጨረሻው ምዕራፉም ሐተታ መሆኑ ቀርቶ ሙሾ ይሆናል፤ ከኢንዱስትሪው ዘመን ወዲህ የመጣውን ሁሉ፣ መኪናውንና የአውሮፕላን ማረፊያውን ጭምር፣ እንደ ጥፋት ብቻ ያየዋል። ተማሪው ዘዴውን መውሰድ፣ ሙሾውን መተው አለበት።

ስለ መንደር በሚያነብበት ጊዜ ተማሪው የበለጠ መጠንቀቅ ይገባዋል። ቶማስ ሻርፕ በ1946 ያሳተመው የመንደር አቀማመጥ መጽሐፍ አጭርና ግልጽ ነው፤ መንገዱ እንዴት ጠምዘዝ ብሎ ዕይታን እንደሚዘጋ፣ ቤቶች በሜዳ ዙሪያ እንዴት እንደሚሰበሰቡ በፕላንና በፎቶግራፍ ያሳያል። ዐይንን ለማሠልጠን ከዚህ የተሻለ ትንሽ መጽሐፍ በቀላሉ አይገኝም። ይሁን እንጂ ዐይን ብቻውን ሊታለል ይችላል። በዶርሴት የሚገኘው ሚልተን አበስ በሣር ክዳን በተሸፈኑ ተመሳሳይ ነጫጭ ቤቶቹ የእንግሊዝ መንደር ሁሉ ተምሳሌት እየተባለ ይታያል። ይህ መንደር የተሠራው በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ ሎርድ ሚልተን ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ የነበረውን አሮጌ ከተማ ዕይታውን እንዳያበላሽበት ካፈረሰ በኋላ ነው። ነዋሪው ተነሥቶ ከዕይታ በራቀ ሸለቆ ሰፈረ፤ የከተማው ቦታ መናፈሻ ሆነ። ቤረስፎርድም በ1954 በጻፈው ስለ ጠፉ መንደሮች መጽሐፉ፣ ከአንድ ሺህ በላይ መንደሮች ባዶ እንደ ቀሩ፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ እርሻው ወደ በግ ግጦሽ በመለወጡ እንደ ጠፉ አሳይቷል። እንግዲህ የሻርፕን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው የቤረስፎርድን ከጎኑ ማስቀመጥ አለበት። አንዱ የቀረውን ያሳየዋል፤ ሌላው የጠፋውን።

ሁለቱን ወገን በአንድ ላይ ለመያዝ የቻለ መጽሐፍ ቢፈለግ የጆን ሰመርሰን «የጆርጆች ዘመን ለንደን» ይገኛል። በ1945 የታተመው ይህ ሥራ ስለ ስልት ከሚጻፉት ወገን ቢሆንም የሚጀምረው ከመሬትና ከገንዘብ ነው። ታላላቅ ባለ ርስቶች መሬታቸውን ሳይሸጡ ለረጅም ዘመን፣ ኋላ ላይ በልማድ ለ99 ዓመት፣ ለግንበኞች ያከራዩ ነበር፤ ግንበኛው በራሱ ገንዘብ ቤት ይሠራል፤ ዘመኑ ሲያልቅ መሬቱም ቤቱም ወደ ባለ ርስቱ ይመለሳል። የቤቱን መልክ የወሰነው የአርክቴክት ምርጫ ብቻ አልነበረም። ከ1666 ታላቅ እሳት በኋላ የወጡት ሕጎችም ወስነውታል፤ የ1707ቱ ሕግ ከጣሪያው ሥር የሚወጣውን የእንጨት ክፈፍ ከለከለ፤ የ1709ኙ የመስኮቱ እንጨት ከግንቡ ፊት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ እንዲገባ አዘዘ፤ የ1774ቱ ቤቶችን በየደረጃቸው መድቦ የግንባቸውን ውፍረት ወሰነ። ስለዚህ «የጆርጆች ዘመን ስልት» ተብሎ የሚደነቀው ልከኛ ገጽታ ከፊሉ የእሳት መከላከያ ደንብ ነው። የሰመርሰን ጉድለት ቤቱን የሠሩት አናጢዎችና የጡብ ሠራተኞች፣ በጓሮና በምድር ቤት የኖሩት አገልጋዮች ብዙ ሳይነገርላቸው መቅረታቸው ነው።

የባሕልን ጥናት ለሚያከብር ማኅበር ከሁሉ የሚቀርበው የትናንሽ ቤቶች ጥናት ነው። ሲድኒ አዲ በ1898 ስለ እንግሊዝ ቤት አፈጣጠር ሲጽፍ፣ የቤቱ አንድ ክፍል 16 ጫማ የሆነው አራት በሬዎች ጎን ለጎን የሚቆሙበትን ስፋት ተከትሎ ነው አለ። አሳቡ ደስ ያሰኛል፤ ቤቶቹ አንድ በአንድ ሲለኩ ግን ስፋታቸው እንደየአገሩ የተለያየ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለማንኛውም የባሕል ተመራማሪ የሚጠቅም ነው፤ ያማረ ምክንያት ሜትር ሳይዘረጋ ተቀባይነት ሊያገኝ አይገባውም። አሌክ ክሊፍተን ቴይለር በ1962 ባወጣው መጽሐፉ የቤቶቹን መልክ ከምድሩ ዐለት ጋር አገናኝቶ፣ የኖራ ድንጋይ ባለበት የድንጋይ ቤት፣ ሸክላ ባለበት የጡብ ቤት፣ ጫካ ባለበት የእንጨት ቤት እንደ በዛ አስረድቷል። ሮናልድ ብረንስኪል በ1971 ባሳተመው መመሪያ ደግሞ ቤትን እንዴት ለክቶ መመዝገብ እንደሚቻል ያስተምራል፤ ከዚያም በላይ ትልቁ ቤት ከጥንት ሲቆይ ትንሹ ቤት ተሎ እንደሚጠፋ፣ ስለዚህም ዛሬ የሚታየው አሮጌ ጎጆ ብዙ ጊዜ የድሃው ሳይሆን በዘመኑ ደኅና ኑሮ የነበረው ገበሬ እንደ ነበር ያስገነዝባል። የቀረውን ብቻ አይቶ «ጥንት ሕዝቡ እንዲህ ይኖር ነበር» የሚል ተማሪ የባለጸጋውን ኑሮ ለሁሉም ይሰጣል።

ይህ ሁሉ ያለፈ ዘመን ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ የንባቡ ቅደም ተከተል ያን ያህል ባላሳሰበ ነበር። ነገር ግን ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ «ልማዳዊ» ከተማ የሚቀዳ ምሳሌ ሆኗል። ኤበኔዘር ሃዋርድ በ1898 ስለ አትክልት ከተማ ሲጽፍ ዋናው አሳቡ የመሬት ይዞታ ነበር፤ መሬቱ በጋራ ተይዞ፣ ዋጋው ሲያድግ ትርፉ ለነዋሪው እንዲመለስ። ከ1903 ወዲህ ሌችወርዝን ከባሪ ፓርከር ጋር ያቀደው ሬይመንድ አንዊን በ1909 ባሳተመው የከተማ ዕቅድ መጽሐፉ ለዚያ አሳብ ያማረ ገላ ሰጠው። ቀጂዎች የአንዊንን ጎጆና ጠምዛዛ መንገድ ወሰዱ፤ የሃዋርድን መሬት ግን ረሱ። ጎርደን ከለን በ1961 ያሳተመው የከተማ ገጽታ መጽሐፍም መንገደኛው እርምጃ በእርምጃ የሚያየውን በሥዕል ሲያሳይ ተወዳዳሪ የለውም፤ ነገር ግን ከሥዕሎቹ በስተ ጀርባ ማን እንደሚኖር አይነገርም። የዛሬው ንጉሥ ቻርልስ ሣልሳዊ ገና ልዑል ሳሉ በ1989 ባሳተሙት መጽሐፍ ለልማዳዊ አሠራር ተከራከሩ፤ ከ1993 ጀምሮም በዶርቼስተር አጠገብ ፓውንድበሪ የተባለው ሰፈር በሌዮን ክሪር ዕቅድ መሠራት ጀመረ። ደጋፊዎቹ ቅስቱንና ጣሪያውን ያመሰግናሉ፤ ነቃፊዎቹ ዐምዱ ውሸት ነው ይላሉ። ሁለቱም ከፊት ቆመው ይከራከራሉ። ከጓሮ ያነበበ ሰው ግን መሬቱ የአንድ ባለ ርስት፣ የኮርንዎል ዱኪነት፣ መሆኑን አስቀድሞ ያስተውላል፤ ሶልዝበሪንም ሆነ የለንደንን አደባባዮች በአንድ አሳብ ለማሠራት ያስቻለው ይኸው ነበርና።

ነገሩ ለአዲስ አበባ ተማሪም የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ1933 ስለ ከተማና ስለ ገጠር ዕቅድ የጀማሪዎች መጽሐፍ የጻፈው፣ በ1944 የታላቁን ለንደን ፕላን ያዘጋጀው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ፣ በ1956 ለአዲስ አበባ ማስተር ፕላን አዘጋጅቷል። የእንግሊዝ መጻሕፍት ዐይን በዚህ መንገድ ወደዚህ አገር መሬት መጥቷል። አዲስ አበባ ግን የራሷ ጓሮ ነበራት፤ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ለመኳንንቱ ቦታ እየተሰጠ፣ ተከታዩ በጌታው ግቢ ዙሪያ እየሰፈረ የተመሠረተች ናት፤ ደጃች ውቤ ሰፈርን የመሰለው ስም ይህንኑ ይመሰክራል። ከፊት ብቻ ማንበብ የተማረ ሰው በዚህ ሰፈር ውስጥ መዛነቅን ብቻ ያያል። ከጓሮ የተማረው ግን ግቢው የት እንደ ነበረ፣ ቦታው ለማን እንደ ተሰጠ፣ መንገዱ ስለ ምን በዚያ እንደ ታጠፈ ይጠይቃል። እንዲህ ያለው ሰው ሰፈሩን ቢያፈርስም እንኳ ምን እያፈረሰ እንደ ሆነ ያውቃል።

እንግዲህ ለጀማሪው የሚስማማው ሥርዐት ይህ ነው። ሆስኪንስን አስቀድሞ ያንብብ፤ የቤረስፎርድን ሁለቱን መጻሕፍት ያስከትል፤ በክሊፍተን ቴይለርና በብረንስኪል ድንጋይንና ትንሽ ቤትን ይወቅ፤ ከዚያ ሰመርሰንን ይክፈት። ሻርፕንና ከለንን ዐይኑን ለማሠልጠን፣ ኮንዘንን እጁን ለማሠልጠን ይያዝ። ፔቭስነር በመጨረሻ ይምጣ፤ በመጨረሻ መምጣቱም ክብሩን አይቀንስበትም። የከተማውን መሬት ያወቀ ተማሪ ከበር ወደ በር ሲመራው በመካከሉ ያለውን ዝምታ ራሱ ሊሞላው ይችላል፤ አስቀድሞ ያነበበው ግን ዝምታ መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ይቀራል።